ምስጋና የማይባልበት ቅባት

የአትራክታ ፊት የሚቀላው ማንም ሳይጠራው ነው። ምድጃ አጠገብ ስትቆም ይቀላል፣ ትኩስ ሻይ ስትጠጣ ይቀላል፣ ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ሲገርፋት ይቀላል፤ ሰው አተኩሮ ሲያያት ደግሞ ይብስበታል። አፍንጫዋና ጉንጯ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ወጥተው፣ ትናንሽ ቡግሮች ፈልተው፣ ላያት ሁሉ ሲጋት ያደረ ሰው ትመስላለች። እሷ ደግሞ የመጠጥን ጣዕም አታውቀውም! በአሥራ ሁለት ዓመቷ አልኮል ላትቀምስ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ምላለች፤ የመሐላዋን ምልክት፣ ደረት ላይ የሚሰካ የልብ ቅርጽ ያለው ትንሽ ጌጥ፣ እስከ ዛሬ፣ እስከ ሃምሳ አራት ዓመቷ ድረስ፣ ከሹራቧ ላይ ነቅላ አታውቅም። ለወሬኛ ግን የትኛው ምልክት ይበቃዋል?

ሥራዋ የተማሪ አውቶቡስ መንዳት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስላይጎ በሚባለው የባሕር ጠረፍ ወረዳ ጠባብ መንገዶች ላይ የሰው ልጅ ጭና ስትመላለስ አንድም ሕፃን አልቧጨረችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያ አውቶቡስ እንጀራዋም ወግ ማዕረጓም እሱ ነው። በመስከረም መጨረሻ ላይ ታዲያ ስሙን መጻፍ የፈራ አንድ ሰው ለትምህርት ቤቱ ቦርድ ደብዳቤ ላከ፤ «ሹፌሯ ትጠጣለች» ይላል። ቦርዱም ዓርብ ቀርበሽ አስረጂ አላት። ትንፋሿን ቢመረምሩ ንጹሕ ናት፣ ይህን ታውቃለች። ግን እስቲ አሁን የሰው ትንፋሽ ማን ያያል? የሚታየው ፊት ነው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የአትራክታ ጉድ ግን ወለም ያለው የሰው አፍ፣ የሚታሸው የእሷ ፊት መሆኑ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ፋርማሲ ሄደች።

ፋርማሲስቱ ኦራን ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ በልጅነቱ በእሷው አውቶቡስ የተማረ ልጅ ነው። ፊቷን አየና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋት።

«ሮዜሺያ የሚባል የቆዳ ሕመም ነው። መጠጥ አይደለም ያመጣብዎት፤ እናቴም ነበረባት። እዚህ አገር እንደኛ የነጣ ቆዳ ያለውን ሰው ደጅ ማንኳኳት ይወዳል።»

«ስሙን ማን ጠየቀህ? ቅባቱን አሳየኝ።»

ከመደርደሪያው ላይ ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚሸት አንድ ብልቃጥ ራሷ አነሳች። ኦራን ከእጇ ወሰደባት።

«ይሄ ይቅር። ሽቶ ያለበት ሁሉ ለእርስዎ እሳት ነው። ናና ያለበትን፣ ባሕር ዛፍ ያለበትን፣ አልኮል ያለበትን አይንኩ።»

«አልኮልማ መች ነክቼ አውቃለሁ!»

ሁለቱም ሳቁ። እሱ ከታች ጎንበስ ብሎ ጌጥ የሌለው ነጭ ቱቦ አወጣ። «ይኸውልዎ፣ ሽታ የለውም። ውስጡ ያለው ሁሉ እዚህ ተጽፏል፤ ዝርዝሩ ባጠረ ቁጥር ለእርስዎ ይሻላል። መጀመሪያ መንጋጋዎ ሥር ጠብ ያድርጉና ሦስት ቀን ይጠብቁ። ካላቃጠለ ፊትዎን ይቀቡ። ሐኪም ዘንድም ይሂዱ፤ አብሮት የሚያዝልዎ አለ።»

«መቼ ነው የሚበርደው?»

«ስድስት ሳምንት። ስምንትም ሊሆን ይችላል።»

«አንተ ልጅ፣ ቦርዱ እኮ ዓርብ ነው!»

«ቆዳ ቦርድ አያውቅም፣ አትራክታ።»

ቱቦውን ገዝታ ኪሷ ከተተች። መኪናዋ ግን ወደ ቤቷ አልታጠፈም፤ ወደ ሚስስ ታንሲ ሰፈር ታጠፈ።

ሚስስ ታንሲ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ የቆዳ መድኃኒት ከእናታቸው የወረሱ ባልቴት ናቸው። እናታቸውም ከእናታቸው። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ሰው አይከፈለውም፤ ውስጡ ምን አለበት ተብሎም አይጠየቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አይመሰገንም። ያመሰገነ መድኃኒቱን ገደለው ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለማንም አይሠራም። አትራክታ ይህን ያወቀችው የእናቷን ጡት ስትጠባ ነው። ኦራንን እንደዚያ ያፋጠጠች ሴትዮ ሚስስ ታንሲ ወጥ ቤት ስትገባ አንገቷን ደፋች።

«ማን ነው እንዲህ ያቃጠለሽ፣ ልጄ?»

«ወሬ ነው።»

አሮጊቷ ጓዳ ገብተው በድሮ የማርማላታ ብልቃጥ ነጭ ቅባት ይዘው ወጡ። ምንም አልተጻፈበትም። «ጠዋትና ማታ ነው። እስከ ዓይንሽ ቆብ ድረስ። አትጠይቂ፣ አታመስግኚ። በይ ሂጂ።»

በሦስተኛው ቀን ፊቷ ወተት መሰለ። መስታወቱ ፊት ቆማ አለቀሰች፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የራሷን ጉንጭ አየቻ! ዓርብ ቦርዱ ፊት ስትቀመጥ ሊቀ መንበሩ ቀና ብሎ አያትና በእሷ ፋንታ እሱ ቀላ። ይቅርታ ጠየቋት። የኦራን ቱቦ ሳይከፈት ኮቷ ኪስ ውስጥ ቀረ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ቅባቱን አንድ ቀን ከዘነጋችው ፊቷ በማግስቱ ይንቦገቦጋል፣ ከበፊቱ ይብሳል። ስለዚህ አልዘነጋችም። የገና በዓል ሳይደርስ ሦስተኛውን ብልቃጥ ጀመረች። በጥር ደግሞ ከፊት የሚመጡ መኪኖች መብራት ዙሪያውን ቀለበት ሠራባት። መስታወቱ ቆሽሾ ነው ብላ በኮምጣጤ ወለወለችው። ቀለበቱ አልሄደም። አንድ ጠዋት የግራ ስፖኪዮዋ የሰው አጥር ገጭቶ ተንጠለጠለ። «መንገዱን አጠበቡት እኮ፣» አለች ለልጆቹ። ልጆቹም ሳቁላት።

ኦራን ከፋርማሲው ደጅ አያትና ሮጦ ወጣ። ደስ አላለውም፤ ደነገጠ እንጂ።

«ፊትዎን ምን ነካው?»

«ዳነ። ምነው፣ ቀናህ?»

«እንዲህ በአንዴ የነጣ ፊት ያስፈራኛል። ምንድን ነው የሚቀቡት? ውስጡ ምን አለበት?»

«አይጠየቅም።»

«አትራክታ፣ የኔ ሥራ እኮ መጠየቅ ነው። ጥቂት ያምጡልኝ፣ ላስመርምረው። ዓይንዎትስ ደህና ነው?»

«ዓይኔ ምን ሆነና?» አለችው ቆጣ ብላ። ስትዋሽ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ መቅላት እንኳ አልቻለችም።

በየካቲት አንድ ዝናባማ ማለዳ ነው። ሰማዩ ገና አልገለጠም። ኩርባው ጋ ክሊና የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ሁልጊዜ ከግራ በኩል ቆማ ትጠብቃለች፤ አትራክታ ይህን ስፍራ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። የዚያን ዕለት መንገዱ ዳር ባዶ መሰላት። ዛሬ ቀረች ማለት ነው አለችና ነዳጁን ረገጠች።

«አትራክታ! ክሊና! ክሊናን!» ልጆቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ።

ፍሬኑን ረግጣ አውቶቡሱን ስታቆም ከጎማው ሥር አንድ ነገር ተንቋቋ። በሩን ከፍታ ወረደች። የክሊና ቦርሳ ከነምሳዋ ተጨፍልቆ ጎማው ሥር ተጋድሟል። ልጅቷ ጉድባው ውስጥ ቆማ ከአናቷ እስከ እግሯ ረስርሳለች፤ ዘልላ ነው የተረፈች።

«አላየሽኝም እንዴ?» አለቻት። «እጄን እያወዛወዝኩልሽ ነበር እኮ።»

አትራክታ የሞተሩን ቁልፍ ነቀለች። ደግማ አልከተተችውም።

በዚያው ቀን አንዲት የዓይን ሐኪም መረመረቻት። የዓይኗ ግፊት አለቅጥ ጨምሯል፤ በግራ በኩል የጠፋው እይታ አይመለስም፣ የቀረውን ግን ማትረፍ ይቻላል። መንዳት አበቃ። «ምን ስትቀቢ ነበር?» ስትላት አትራክታ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት። ቢመረመር ኃይለኛ ስቴሮይድ ተገኘበት፤ ቆዳን የሚያነጣ፣ የዓይንን ግፊት ግን የሚጨምር፣ ለሰው ፊት ያልተሠራ መድኃኒት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሚስስ ታንሲ ቤት ሄደች። ቅባቱን ትታዋለችና ፊቷ ተልጦ፣ አብጦ፣ እሳት ሆኗል። ወጥ ቤቱ አግዳሚ ላይ አምስት ስድስት ሰው ተራ ይጠብቃል። ከፊት ያለችው ጉንጩ የቆሳሰለ ጨቅላ የታቀፈች ወጣት እናት ናት፤ ብልቃጧን ልትቀበል እጇን ዘርግታለች።

«ምነው ልጄ፣ አቋረጥሽው እንዴ?» አሉ አሮጊቷ።

«ሚስስ ታንሲ፣ ውስጡ ምን አለበት?»

አንድ ሽማግሌ አማተቡ። የሚስስ ታንሲ ዓይን ሳያስቡት ወደ ጓዳው ሄደ። አትራክታ ገብታ መጋረጃውን ገለጠችው። መደርደሪያው ላይ የላም ሥዕል ያለባቸው ቱቦዎች ተደርድረዋል፤ የሟች ባላቸው የከብት መድኃኒት። ከጎኑ የበግ ሞራ ቆርቆሮ አለ።

«የእናቴማ ሞራና ቅጠል ብቻ ነበር፣» አሉ አሮጊቷ በተሰበረ ድምፅ። «መሥራት ተወ። ሰዉ ግን መምጣቱን አልተወም። ምን ልበላቸው? ደግሞስ አንቺን አላዳነሽም? አልነጣሽም?»

አትራክታ የምትለው ብዙ ነበር። ስለ ዓይኗ፣ ስለ ክሊና ቦርሳ። ግን እዚያ አግዳሚ ላይ ያለ ሰው ሐኪም እንዲህ ብሏል ቢሉት አይሰማም፤ የሚሰማውን አንድ ቃል ታውቀዋለች። ከአሮጊቷ ፊት ቆመች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ሚስስ ታንሲ፣» አለች ጮክ ብላ። «አመሰግናለሁ። በጣም አመሰግናለሁ።»

«ኧረ አንቺ ልጅ! ኧረ ምነው ገደልሽኝ!»

ወጣቷ እናት እጇን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበች። ከአግዳሚው አንድ በአንድ ተነሡ፤ ማንም ማንንም ሳያይ ባርኔጣውን እየደፋ ወጣ። አሮጊቷ ብልቃጡን ታቅፈው እያነቡ ቀሩ። አትራክታ አዘነችላቸው፤ እውነቱን ለመናገር እጅግ አዘነችላቸው።

ደጅ ላይ እናቲቱን ደረሰችባት። ከኮቷ ኪስ ያንን ያልተከፈተ ነጭ ቱቦ አውጥታ ጎኑን አሳየቻት። «ውስጡ ያለውን ሁሉ የጻፈ ነው የሚታመን። ልጅሽን ወደ ኦራን ውሰጂው፤ እስኪሰለቸው ጠይቂው።» እናቲቱ የአትራክታን የተላጠ ፊት አየች፣ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋችና መንገዷን ቀጠለች።

አትራክታ ነፋሱ ፊቷን እየገረፈው በእግሯ ወደ ቤቷ አዘገመች። የመሐላዋ ምልክት ሹራቧ ላይ እንዳለ ነው። ሰዎች አጥር ተደግፈው ቆመው ነበር፤ ልጅ ልትገጭ እንደነበርና አውቶቡሱን እንዳስረከበች ሁሉም ሰምቷል።

«ብዬ ነበር እኮ፣» አለ አንድ ድምፅ ከግራዋ። «ጽፌም ነበር። ፊቷን እዩት፤ ትጠጣለች።»

ማን እንደሆነ ለማየት ፈጥና ዞረች። ከግራዋ ግን ጭጋግ እንጂ ሰው አልታያትም፤ አንገቷን አዙራ እስክትጨርስ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቷት ነበር።