ዘውድ ወይስ ጎፈር

የሳንቲም ክፍላችን ብቸኛ ማጉያ መነጽር ከእጀታው መለየቱን ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ ስናስታውቅ በጥልቅ ሐዘን ነው። መስታወቱ ግን ተርፏል፤ በሁለት ጣት ተይዞ ያገለግላል።

በሁለት ጣት የያዘው የሚስቴ ወንድም ነበር። ሙዚየሙ በሙከራ ስለቀጠረው ስሙም «ሙከራ» ሆኖ ቀርቷል። የሰጡትን ጥንታዊ የሮማ የብር ሳንቲም ምንነት በትክክል ከለየ ቋሚ ይሆናል፤ ካልለየ ይሰናበታል። ቋሚ ከሆነ ቤት ይከራያል። ካልሆነ እኔ ቤት ሶፋ ላይ እንደተኛ ይቀራል።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ሳንቲሟ ላይ የተቀረጸው ንጉሥ እንደ ፀሐይ ጨረር የሾለ ዘውድ ከደፋ፣ ሳንቲሟ ኋላ የመጣችው አንቶኒኒያኑስ ናት። ካልደፋ ደግሞ የቀደመችው ዲናር ትሆናለች። ሚዛን እንዳንጠቀም ሚዛኑ ጥገና ገብቷል። ጽሑፉን እንዳናነብ የቀረው «ቄሳር አውግስጦስ» ብቻ ነው፤ ይህን ያልተባለ ንጉሥ ደግሞ ፈልጎ ማግኘት ነው!

«ይኸው፣ ሾሏል። ዘውድ ነው» አለ ሙከራ።

«የምን ዘውድ! ጎፈር ነው። ሳይበጠር የዋለ ጎፈር።»

«አንተ ራሰ በራ፣ ስለ ፀጉር ምን አገባህ?»

«ያገባሁትማ እህትህን ነው። ፀጉሬም የሄደው ያኔ ነው።»

መብራቱን ወደ ግራ ስናዞረው ዘውድ ሆነ። ወደ ቀኝ ስናዞረው ጎፈር። እሱ በእኔ ሐሳብ ተስማማ፤ እኔ ደግሞ በዚያው ቅጽበት በእሱ ተስማምቼ ነበር። እንደገና ተጣላን።

«ቁርጡን ንገረኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ዘውድ ወይስ ጎፈር?»

ሳንቲሟ ካላበው እጁ አፈትልካ ጠረጴዛው ላይ ነጠረች፤ ትሽከረከር ጀመር።

«ዘውድ!» አለ ሙከራ።

በሩ ላይ ዳይሬክተሯ ቆመዋል።

«እኛ ሰፈር ኳሱን ማን ይጀምር ሲባል ነበር ሳንቲም እየተወረወረ ዘውድ ወይስ ጎፈር የሚባለው» አሉ ቀስ ብለው። «የሮማን ታሪክ በዕጣ ነው እንዴ የምታጠኑት?»

«አይደለም እትዬ» አልኩ ዘልዬ። «ዘውድ ሲባል የእውነት ዘውድ ነው። ጎፈር ሲባል ደግሞ የእውነት ጎፈር...»

«ታዲያ ማን አሸነፈ?»

«የሚሸነፍ የለም፤ ሳንቲሟ ወድቃ ነው።»

«ወደ ላይ ነው የወደቀችው?»

ባስረዳሁ ቁጥር ነገሩ እኔንም ግራ አጋባኝ። ዳይሬክተሯ መስታወቱን ተቀብለው አጎነበሱ። ሳንቲሟን አገላበጡ።

«እኔ እንጃ። ይሄ ጆሮው ነው?» ቀና ብለው ወደ ሙከራ ዞሩ። «ይሁን፣ ዘውድ ብለሃል፤ እንደ መልስ እይዘዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልስማ። አይተህ ነው ወይስ ወጥቶልህ?»

በጠረጴዛው ሥር ረገጥኩት። «አይቼ ነው» ማለት ምን ያቅታል? ሁለት ቃል ነች፤ ሶፋዬ ነፃ የምትወጣባት ሁለት ቃል።

ሙከራ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሳቸውን አየ። ወደ ሶፋዬ እንደሚመለስ ሰው ኮቱን አነሣ።

«ዘውድ ነው» አለ። «አላብራራም።»