መሬት ላይ የተሰጣ ቡና

እነዚያን የቴሌቪዥን ሰዎች አጋሮ አጠገብ ወዳለው ግቢያችን የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ። ነጅላ እባላለሁ፤ ጅማ ኮሌጅ እማራለሁ፤ ሞኝም ነበርኩ።

አባቴ ሙሐመድሳኒ ስድስት ዓመት ለፍቶ ቡናውን ስፔሻሊቲ የሚባለው ደረጃ አድርሶታል። ዘዴው አንድ ነው፤ ቡናው መሬት አይነካም። ከእንጨትና ከሽቦ መረብ በተሠራ ከፍ ያለ አልጋ ላይ ይደርቃል። ሰማዩ ሲያጉረመርም አባቴ ሮጦ የሚያለብሰው እኛን ሳይሆን ቡናውን ነው። ይህን ልፋቱን አገር ሁሉ እንዲያይለት ፈለግኩ።

አዘጋጇ አቢጊያ ከመኪና ወርዳ አልጋዎቹን ስታይ ቅር አላት።

«ይሄማ ፋብሪካ ይመስላል። ተመልካች የሚፈልገው ገጠር ነው። አባባ፣ ትንሽ ቡና መሬት ላይ ቢያሰጡልንስ? አምስት ደቂቃ ብቻ።»

«ሂን ታኡ!» አለ አባቴ ደንግጦ። «አይሆንም ልጄ፣ አፈር አፈር ይላል ኮ።»

«ጫማዎንም ቢያወልቁት ደስ ይለኛል።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔም፣ ምላሴ ይቆረጥና፣ «አባ፣ አምስት ደቂቃ እኮ ነው» አልኩት።

«እሺ፣ እንግዳ ናችሁ፣ ቡናውን አሰጣለሁ» አለ። «ጫማዬን ግን አላወልቅም።»

አንድ ቁና አውጥቶ መሬት ላይ በተነው። ቀርጸው ሲጨርሱ ለብቻው ለቅሞ ለቤት አስቀረው። ወደ አልጋው አንዲት ፍሬ አልመለሰም።

ከወር በኋላ ፕሮግራሙ ተላለፈ። ጎረቤት ሁሉ ቤታችን ተሰብስቦ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ አልጋዎቹ የሉም። አባቴ አፈር ላይ ቁጢጥ ብሎ ቡና ይበትናል፤ የተራኪዋ ድምፅ ደግሞ ያዝናል፦ «የጅማ ገበሬ ዛሬም ቡናውን መሬት ላይ ያሰጣል። ስለ ጥራት የነገረው የለም።» አባቴ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

በሳምንቱ ቡናችንን ወደ ውጭ የሚልከው ገብረሥላሴ ደወለ። «እኔ እርስዎን አምናለሁ» አለ። «ደንበኞቼ ግን አይተውታል። ዘንድሮ አልወስድም።»

«መጥተህ ቅመሰው» አለ አባቴ። «ወላሂ፣ መጥተህ ቅመሰው።» ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ይህንኑ ይል ነበር።

አቢጊያ ጋ ደውዬ አለቀስኩ። «እንዴ ነጅላ፣ ሰው እኮ በጣም ወዶታል!» አለችኝ።

የዚያ ዓመት ቡና ከተራው ጋር ተደባልቆ ተሸጠ። መረቡም ተሸጠ፤ እንጨቱን ማገድነው።

በዓመቱ አቢጊያ ሳትጠራ መጣች። ተመልካች ሽማግሌውን ደግሞ ማየት ፈልጓል አሉ። ድንጋይ ላነሳባት ቃጣኝ፤ አባቴ «ተዪ፣ እንግዳ ናት» ብሎ ያዘኝ።

ቡናችን ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተሰጥቶ ነበር።

«አባባ፣ ዛሬማ ተዘጋጅተው ጠበቁን!» አለች እየሳቀች።

ካሜራው ሲከፈት አባቴ ማንም ሳይጠይቀው ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።