የባለ ጨርቋ ቁራጭ

ዶክተሯ «ከማንቆርቆሪያ የከበደ ነገር እንዳያነሡ» ነበር ያለችኝ። እህቴ ግን ማንቆርቆሪያውንም ከለከለችኝ። እትዬ ትእዛዝ የምትቀበለው ጨምራበት ነው። ማሕፀኔ በኦፕራሲዮን ወጣ ሲባል ሻንጣዋን አንጠልጥላ ቤቴ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጣ በተከፈተው በር አሻግራ አልጋዬን ትጠብቃለች። እስረኛ እንኳ በቀን አንዴ ይናፈሳል እኮ!

እኔ ደግሞ ለመተኛት አልተፈጠርኩም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ከባሌ ጋር መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችን፤ እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። እጄ ሥራ ካጣ ጤና አይሰጠኝም። ያን ሰሞን የትራሱን ልብስ ጠርዝ በጥፍሬ ፈትቼ፣ መልሼ በመርፌ ዘመዘምኩት። ሲያልቅ እንደገና ፈታሁት። እትዬ መርፌዋን ከፍራሹ ስር ስታገኛት ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አላርፍ ያለች ጣት...» ብላ ጀመረች።

ተረቱን ለጨዋነት ስትል አትጨርሰውም። መጨረሻውን ስለማውቀው በሆዴ ጨረስኩላትና ሳቄ መጣ። ስስቅ ደግሞ ስፌቴ ይጎትተኛል።

«ታዲያ ለምን ታስቂኛለሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ የነሳኝ ሥራ መፍታቴ ብቻ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደም ሲፈሰኝ ኖሯል። ቀሚሴ ሁሉ ጥቁር ነበር። የስፌት መኪናዬ ፊት ያለው ወንበር ላይ ድርብርብ አድርጌ የሰፋሁት ማንጠፊያ አለኝ፤ ደንበኛ ፊት ብድግ ከማለቴ በፊት ወንበሩን በዓይኔ ሰርቄ ማየት ልማዴ ሆኖ ነበር። ዕጢው ብዙ ነው፣ ማሕፀኑ ካልወጣ ደሙ አይቆምም ሲሉኝ ለማሰብ ጊዜ አልጠየቅሁም። ልጄን ወልጄ አሳድጌያለሁ፤ ሌላ ከተማ ትምህርት ላይ ናት። ኪራይ ሳይከፍል ግድግዳ እንደሚያፈርስ ተከራይ በቶሎ ይውጣልኝ አልኩ። አላለቀስኩም። እትዬ ናት ለእኔም ጭምር ያለቀሰችልኝ።

ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ፣ እትዬም ባሌም ባልነበሩበት ሰዓት፣ ዶክተሯ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሁሉም ጥሩ ሄዷል። አንድ ቦታ ላይ ግን ዓይኔን ደስ ያላለው ነገር አለ። ላይሆንም ይችላል። ምርመራው ይለየዋል፤ ውጤቱ ሲደርስ ይመጣሉ» አለች።

የዚያን «ነገር» ስም አልጠራችውም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ካንሰር ማለቷ እንደሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ለባሌ የወጣው እንደሚመረመር ነገርኩት እንጂ የዶክተሯን ዓይን ደስ ያላለው ነገር እንዳለ አልነገርኩትም። ለእትዬማ ጭራሽ! እሷ ይህን ብትሰማ ገና በሕይወት ሳለሁ ነጠላዋን ታዘቀዝቅብኛለች።

እናም ስልክ እጠብቃለሁ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከእትዬ ቀድሜ ሳነሳው «ቀሚሴ ደረሰ ወይ?» የምትል ደንበኛ ናት። አንዷን ያለ ጥፋቷ ሰደብኳት። ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አልጋ እላለሁ፤ እትዬ ስትጮህ እተኛለሁ፤ ወጥ ቤት ስትገባ እነሣለሁ። ሳምንት አልፎ ሳምንት ተተካ፤ ከሆስፒታሉ ትንፍሽ ያለ የለም።

በዚህ ላይ ባሌ መጣብኝ። የሰፈሩ ሰው «ጋሼ መቀስ» ነው የሚለው። መቀሱ ይናገራል፤ እሱ ዝም ይላል። ያን ሰሞን ግን ማታ ማታ ከሱቅ ሲመለስ እግርጌዬ ይቀመጥና አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ይከፍታል። ይህኔ እትዬ ከሳሎን ታስላለች። እሱም አፉን መልሶ ይዘጋል። እትዬ በዚህ ቤት ውስጥ ማሕፀን የሚል ቃል፣ ምርመራ የሚል ቃል እንዳይነሣ ሕግ አውጥታለች፤ በሽተኛ ፊት የበሽታ ስም አይጠራም ባይ ናት።

«ምን ልትለኝ ነበር?» እለዋለሁ።

«ምንም። ሾርባው ጥሩ ነው ወይ ልልሽ ነው።»

ሾርባ! ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ ስለ ሾርባ ጠይቆኝ አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ውጤቱ መጥቷል፣ ክፉ ነው፣ ሁሉም ያውቃል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው ብዬ ደመደምኩ። የዚያን ቀን ሌሊት እሱ አጠገቤ ሲያንኮራፋ ጀርባውን እያየሁ ጠላሁት። ከልቤ ነው የጠላሁት።

በማግስቱ እትዬ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ተነሣሁ። ጫማዎቼን ሁሉ ደብቃቸዋለች፤ የራሷን መደበቅ ግን ረስታለች። ሰፊ ጫማዋን እየጎተትኩ፣ ሆዴን በእጄ ደግፌ፣ ታክሲ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ።

ዶክተሯ ስታየኝ ደነገጠች።

«ብቻዎን መጡ? ውጤቱን ይዘዋል?»

«ውጤቱማ እርስዎ ጋ ነው። ክፉም ቢሆን ይንገሩኝ፣ እችለዋለሁ» አልኳት። መቻሉን እንኳ አልቻልኩትም፤ ጠረጴዛዋን ይዤ ነው የቆምኩት።

«እኔ ጋ ምንም አልደረሰም። ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ የሚወስደው እኮ ቤተሰብ ነው።»

ነርሷ ተጠራች። አልዋሸችም። «ከቀዶ ጥገናው ክፍል እንደወጣ፣ ናሙናው በመድኃኒት የተነከረበትን ዕቃ ክዳኑን አጥብቄ ለጋሼ ሰጠኋቸው። የሚስትዎ ነው፣ ይያዙት አልኳቸው። ላቦራቶሪው እዚሁ ማዶ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ያደርጋሉ ብዬ ነው» አለች። ሁሉም ሰው የሚያደርገውን! ባሌን አታውቀውማ።

እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ሱቅ ደረስኩ። ባሌ አንዲት ሴትዮ ወገብ እየለካ ነበር። እኔን ሲያይ ሜትሩን ለቀቀው።

«የት ነው?»

«ምኑ?»

«ማሕፀኔ!»

ሴትዮዋ ሜትሩ ወገቧ ላይ እንደተጠመጠመ በቁሟ ደረቀች። ባሌ በርጩማውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ወጣና ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከቁራጭ እስሮቹ ኋላ፣ በገበር ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ አወረደ።

እዚህ ላይ የሱቃችንን ሕግ ካልነገርኳችሁ ባሌን እብድ ነው ትሉታላችሁ። ልብስ ሰፊ ቁራጭ ይሰርቃል ተብሎ ይታማል። አማቼ ሱቁን ሲከፍት ይህን ሐሜት ስለማይወድ ደንብ አወጣ። ከደንበኛ ጨርቅ የተረፈ ነገር፣ ጣት የማታክል ብትሆንም፣ በጨርቅ ቅዳጅ ታስራ ስም ተጽፎባት ለባለ ጨርቁ ትመለሳለች። ባለ ጨርቁ ራሱ በአፉ «ይቅር» ካላለ አትጣልም። እሱም ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፤ ሰው መጀመሪያ ሲጠየቅ በችኮላ ነው የሚመልሰው። ባሌ ይህን ደንብ ከአባቱ ከመቀሱ ጋር ነው የወረሰው። አንድ ክንድ ለማትሞላ ገበር ደንበኛ ቤት ድረስ ሲሄድ አይቼዋለሁ።

ጥቅሉ በቢጫ ቅዳጅ ታስሯል። ቅዳጁን አወቅሁት፤ ለልጃችን መጀመሪያ ከቆረጠላት ቀሚስ የተረፈ ነው። በላዩ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘች ወረቀት አለች። የደንበኛ ስም በምንጽፍበት ቦታ ላይ «የእሷ» ብሎ ጽፏል።

«ሲስተሯ ስትሰጠኝ እነሱም እንደኛ ቁራጭ ይመልሳሉ ብዬ ደስ አለኝ» አለ። ድምፁ አይሰማም። «ሐቀኞች ናቸው አልኩ።»

«ምርመራውስ? ይመረመራል ብዬህ አልነበር?»

«ናሙና ቆርጠው ያስቀሩ መስሎኝ። እኛ አዝራር እንዲመሳሰል ናሙና ስንልክ ጨርቁን በሙሉ እንልካለን እንዴ?»

«እሺ፣ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ልጠይቅሽ ነበር እኮ! ይቅር ትያለሽ ወይስ ይቀመጥ ብዬ። አፌን ስከፍት እትዬ ታስላለች። ሳልጠይቅሽ ደግሞ አልጥለውም። ልጃችን የመጣችበት ነው። እንዴት አድርጌ ነው የምጥለው?»

ልመታው እጄን አንሥቼ ነበር። ከዚያ ሳቅ አፈነኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ ከአልጋ ወደ መስኮት ስመላለስ፣ ማሕፀኔ ከአዝራር ጣሳዎች አጠገብ በክብር ተቀምጧል። ስፌቴ እስኪቃጠል ሳቅሁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ፈርቼ ነበር። ከዚያ በፊት ለማንም አላልኩትም፤ ልሞት ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ዶክተሯን፣ ዓይኗን ደስ ያላለውን ነገር፣ ሌሊት እሱን መጥላቴን ሳይቀር።

ባሌ ክው አለ። መቀሱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ መልሶ አነሣው፤ እንደገና አስቀመጠው።

«እኔ አፈር ልብላ» አለ። «እኔው በእጄ ሸሽጌ...»

«አፈሩን በኋላ ትበላለህ። አሁን ተነሥ።»

ሴትዮዋ ሜትሩን ከወገቧ ፈታ አጣጥፋ ሰጠችን። «ሂዱ፣ ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ» አለች። ለሰፈር የሚበቃ ወሬ ከምንጩ አግኝታ እንኳ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችንም። እግዜር ይስጣት።

ታክሲው ውስጥ ጥቅሉን እኔ ያዝኩት። ባሌ «ከማንቆርቆሪያ ይከብዳል፣ አምጪው» ሲለኝ እምቢ አልኩት። እስኪወጣ ድረስ የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ እዚያ ድረስም እኔው አደርሰዋለሁ።

ላቦራቶሪው ውስጥ የተቀበለችን ሐኪም በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። መቀስ አንሥታ ቅዳጁን ልትቆርጥ ስትል ባሌ እጇን ያዘ። ቋጠሮውን በጥፍሩ ቀስ ብሎ ፈታና ቢጫውን ቅዳጅ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«ዘገያችሁ» አለች ሐኪሟ።

«ተበላሽቷል?» የባሌ ግንባር በላብ ርሷል።

«መድኃኒቱ ውስጥ ስለቆየ ምንም አልሆነም። ግን ሥራ አለው፤ ቀናት ትጠብቃላችሁ።»

ቤት ስንደርስ እትዬ ጫማዋን ፍለጋ ሰፈሩን አተራምሳ ነበር። ቁጣዋን ሳትጀምር ባሌ ቀደማት። ዝምተኛው ሰውዬ ሳሎኑ መሃል ቆሞ «ማሕፀን!» አለ። «ማሕፀን፣ ምርመራ፣ ካንሰር። ካሁን በኋላ በዚህ ቤት ሁሉም በስሙ ይጠራል።» እትዬ ልታስል ሞከረች፤ አልመጣላትም። ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ስታበቃ ሄዳ ጫማዬን ከሻንጣዋ ውስጥ አወጣችና እግሬ ስር አኖረችው።

ከዚያ ወዲያ መጠበቁ አልቀለለም፤ ተከፋፈልነው እንጂ። ባሌ ሌሊት እየተነሣ በመስኮት ያያል። እትዬ ማንቆርቆሪያውን ትጥድና ረስታው እስኪነድ ትተዋለች። ማንቆርቆሪያውን የማነሣው እኔ ሆንኩ፤ የከለከለኝ አልነበረም።

የተቀጠርንበት ቀን ሦስታችንም ላቦራቶሪው ሄድን። እትዬ በር ላይ ቀረች፤ እግሬ አልታዘዝ አለኝ አለች። ሐኪሟ ራሷ ወጣችና ቁጭ እንኳ ሳትለን ተናገረች።

«ክፉ ነገር የለበትም። ሁሉንም አየሁት። ዕጢ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።»

ባሌ ግድግዳውን ተደገፈ። እኔ ደስታው ወዲያው አልመጣልኝም፤ ሰውነቴ መሮጥ ለምዶ ቁም ሲሉት እምቢ ያለ መሰለኝ። ሐኪሟ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት።

«የተረፈውን እኛ እናስወግደው? ወይስ...» ባሌን አየችው። ያን ቢጫ ቅዳጅ ሳታስታውስ አልቀረችም። «ወይስ ትወስዱታላችሁ?»

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲጠይቅ እንደሚያደርገው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እጆቹን ፊቱ አጣምሮ፣ ጠየቀኝ።

«ቁራጩ ይቀመጥልሽ ወይስ ይቅር?»

«ይቅር» አልኩ ቶሎ። ተከራይ አይደል? ይውጣልኝ ብዬው አልነበር?

ሐኪሟ ልትመለስ ዞረች። ባሌ «አንዴ ይጠብቁኝ» አላትና እንደ ደንቡ ሁለተኛ ጠየቀኝ።

«ይቅር ወይ?»

ያኔ ነው የመጣብኝ። ልጄ ጎኔን ስትመታኝ መኪናውን አቁሜ የሳቅሁት መጣብኝ። ጥቁር ቀሚሶቼ፣ ወንበሩ ላይ ያለው ማንጠፊያ፣ ያላለቀስኩት ለቅሶ ሁሉ ተከታትሎ መጣ። በዚያ ሁሉ ቀን መጀመሪያዬ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ዝም ብዬ ቆምኩ።

«ልጄን ሰጥቶኛል፤ ደሜን ወስዷል። ዕዳ የለብንም» አልኩት። «ይቅር።»

ሐኪሟ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። ባሌ ከኪሱ ቢጫውን ቅዳጅ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ደንቡ ሁለት ነውና ሦስተኛ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ መልሴን እንጃ።