የአባት ጠረን

ቶቅሮ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ብቅ ያለው አባታቸው በሞተ ማግስት ነው። ታላቅ እህቱ ሻይማ ገና ከሩቁ በአረማመዱ ለየችው፤ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማለት ጮክ ብሎ እያለቀሰ፣ ደረቱን እየደቃ በአሸዋው ላይ ይመጣል። እንባ ነው እንዳትል ፊቱ ደረቅ ነው።

አባታቸው ፑሎ በዚያ የባሕር ዳርቻ የታወቀ ጠላቂ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ከቋጥኙ ሥር ሥጋው የሚበላ ዛጎል ሲለቅም ጆሮው ውስጥ አጥንት በቅሎ አደነቆረው፤ በስተርጅናው ደግሞ እግሩ ላይ ቁስል ወጣበትና ሰሌን ላይ ዋለ። ቁስሉ መግል ያዥ ነበር። በየማለዳው በባሕር ውሃ ያጠበችው፣ ትሉን በጣቷ የለቀመችው ሻይማ ናት። ቶቅሮማ አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ያዘና «እትዬ፣ እኔ እንኳ ይሄን ሽታ አልችለውም» ብሎ ወደ ማዶው ወንዝ ሄደ። በዚያው ቀረ።

አሁን ለምን እንደመጣ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። በእነሱ አገር ሰው ሞተ ተብሎ ከቤት አይወጣም። ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል፤ አጥንቱ በእንጨት ተደግፎ ጭቃ ይለብሳል፤ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ከዘመዶቹ ጋር ምድጃ ዳር ይኖራል። ሟቹ የማን ምድጃ ዳር እንደሆነ ይታይና ይጠልቅበት የነበረውም ቋጥኝ ለዚያ ቤት ይሆናል። የፑሎ ቋጥኝ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ዛጎል ያለበት ነው። ሻይማ ባሏን ባሕር ወስዶባታል። ቋጥኙን ካጣች የጎረቤት ትራፊ ጠባቂ መሆኗ ነው።

ሟቹን የሚወስደው ሥጋውን በገዛ እጁ የለየ ሰው ሲሆን፣ ወንድ ልጅ ልሥራ ካለ ቅድሚያው የእሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ አይፈቀድም፤ አፍንጫን መሸፈን። አፍንጫውን የሸፈነ ሟቹን እንደካደ ይቆጠርና ሥጋ የሚለይበት ስለት ከእጁ ይወሰዳል። ሻይማ ተስፋ ያደረገችው በዚህ ነበር።

የመንደሩን ሙታን ሁሉ ያዘጋጁት አሮጊቷ እማማ ኩሲ ከዛጎል የተሠራውን ስለት ይዘው ቶቅሮ ፊት ቆሙ። ስለቱን ለሚቀበል ሁሉ የሚጠየቀውን ጥያቄ ጠየቁት።

«ምን ይሸትሃል?»

«አባቴ» አለ፣ ሳያመነታ።

ትክክለኛው መልስ ይኸው ነው። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰሌኑ ሲገለጥ ዝንቡ ተነሳ፣ የጎረቤቶቹ ዓይን እንባ አቀረረ፣ አንዷ ሴትዮ ቋቅ ሲላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቶቅሮ ግን ተንበርክኮ ሥራውን ጀመረ። ጭራሽ ማንጎራጎር ሁሉ ያዘ። ሻይማ ግራ ገባት። ምናልባት ሐዘን ለውጦት ይሆን ብላ ስታስብ ለአፍታ አፈረች።

ኋላ ግን ቶቅሮ ወደ ታመመው እግር ሲያጎነብስ አየችው። አፍንጫው ቀዳዳ ውስጥ ነጭ ነገር አለ፤ በባሕር አንበሳ ስብ የተለወሰ የወፍ ላባ ነው። ያ ሁሉ ትል፣ ያ ሁሉ መግል ያላንገሸገሻት ሴት ይህቺ ብጣሽ ላባ አንገሸገሸቻት። አባቱን ከአፍንጫው ውጭ አቁሞ ነው የሚያንጎራጉርለት! እንዳትጮህ፣ አንዴ እፍ ብሎ ያወጣትና እህቴ ለቋጥኙ ብላ ስሜን አጠፋች ይላል። ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

ሥጋ የሚለይ ሰው ሥራው መሃል ላይ እዚያው ሟቹ አጠገብ መብላት አለበት። ሻይማ ከጎጆው ጀርባ ለዓሣ ማጥመጃ ብላ በፀሐይ የጣለችው ዛጎል ነበራት። አረንጓዴ ውሃ አውጥቷል፤ የባሕር ወፎቹ እንኳ ቀምሰው ትተውታል። የዛጎሉን ሥጋ ከባሕር ቅጠል ጋር አድርጋ አቀረበችለት።

«ብላ ወንድሜ፣ ደክሞሃል።»

አጠገቡ የተቀመጠው ጎረቤት የምግቡ እቃ ሲያልፍበት ወደ ኋላ ሸሸ። ሌላው አፉን ያዘ። ቶቅሮ አንዱን አንስቶ ጎረሰ፤ አላመጠ፤ ዋጠ። ሁለተኛውን ደገመ። ሁሉም ዓይኑን እሱ ላይ እንደተከለ ሲያይ ምስጋና የሚጠብቁ መሰለውና እንደ ልማዱ ቅቤ ማንጓቱን ያዘ።

«ጥፍጥ ያለ ነው እትዬ። ዛሬ የወጣ መሆኑ ያስታውቃል።»

እማማ ኩሲ በዳዴ ተጠጉትና ቀና በል አሉት። አገጩን ያዙ፤ በሁለት ጣታቸው አንዱን ላባ ሳቡ፤ ከዚያ ሌላውን። እርጥብ ነበር። አሸዋው ላይ ጣሉት።

አየሩ ገባ። የአባቱ እግርና የበላው ዛጎል በአንድ ትንፋሽ ደረሱበት። ቶቅሮ ስለቱን ጥሎ ተነሳ፤ ደጃፉ ጋ ሲደርስ የበላውን ሁሉ ዘረገፈው፤ እያስመለሰም ወደ ባሕሩ ሮጠ። የሳቀ የለም። ሁሉም ተጸይፎ ነበር፤ አንዱ ሽማግሌ ምራቁን ተፋ።

ሻይማ አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች። እማማ ኩሲ ስለቱን አንስተው፣ በሰሌኑ ጠርዝ ጠርገው ጠየቋት።

«ምን ይሸትሻል?»

መልሱን ታውቃለች። አንድ ቃል ብቻ ነው። ግን ወንድሟ በዚያ አፉ ካለው በኋላ ቃሉን ደግማ ማለት ቀፈፋት። አጎንብሳ በረጅሙ ሳበች፤ ከቁስሉ፣ ከጭኑ፣ ከደረቱ ፈለገች። ያን ሁሉ ጊዜ ከሽታው ጋር ተኝታ ከሽታው ጋር ስትነሳ ኖራ፣ ለአፍንጫዋ የቀረ ነገር አልነበረም።

«ከአባቴ ምንም አይሸተኝም፣ እማማ» አለች። «እኔን የሚሸተኝ ወንድሜ ደጃፉ ላይ የተወው ነው።»

አሮጊቷ ዞር ብለው ደጃፉን አዩ። አሸዋ አልብሱት አሉና ስለቱን ሰጧት። ሻይማ ከታመመው እግር ጀመረች።