የመጋረጃው ትርፍ

«ቤቱ ሊሸጥ ነው አሉ፤ ዕቃችሁን ብዙም አትፍቱት» ይላሉ የታችኛዋ ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊዋን ደረጃው ላይ ባገኟት ቁጥር። ሰኞ ገዢው ነጋዴ ነበር፤ ሐሙስ ሐኪም ሆነ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ «ወንድማማቾች ናቸው» ተባለ።

«እትዬ፣ እኔ የምፈራው ወሬው ገዢውን ቀድሞ እንዳይሸጠው ነው» ትላቸዋለች ልብስ ሰፊዋ። ምላሷ ከመቀሷ አያንስም።

ዕቃውንማ መች ፈታችው! ባሏ ግድግዳ ለሳኝ ነው፤ ሕንፃ ሲያልቅ ሌላ ሕንፃ፣ ከተማ ሲያልቅ ሌላ ከተማ። እሷም የስፌት መኪናዋንና አንድ ሰማያዊ መጋረጃዋን ይዛ ትከተለዋለች። መጋረጃውን በደረሱበት መስኮት ልክ አጥፋ በእጇ ላላ አድርጋ ትወሰውሰዋለች፤ ሲሄዱ ክሩን ስባ ትፈታዋለች። በመኪና ሰፍታው፣ ትርፉንም ቆርጣው አታውቅም። ቀጣዩ መስኮት ቢረዝምስ?

ይህች ክፍል ግን ሌላ ሆነችባት። ጠዋት ባሏ ሲወጣ ብርሃኑ ወለሉን እንደ ውኃ ይሞላዋል፤ ፍራሹም፣ ካርቶኖቹም፣ እሷም የተንሳፈፉ ይመስላታል። ስትነቃ እጇ ማብሪያውን ባለፈው ከተማ ግድግዳ ላይ ይፈልጋል፤ የት ከተማ እንዳለች ሳታውቅ በዚያው ጥቂት ትንሳፈፋለች። ደግሞ ደስ ይላል እንጂ አያስፈራም። አንድ ንጋት ግን እጇ ሳይሳሳት ማብሪያውን አገኘው። ተነሥታ ቁጭ አለችና እጇን አየችው።

«አንተ ከእኔ ቀድመህ ለመድካት!»

በዚያው ቀን የስፌት መኪናዋን ከካርቶኑ አውጥታ ዘይት አጠጣቻት። ውስውሱን ፈታች፤ ለካች፤ ትርፉን ቆረጠች፤ ጠርዙን ደህና አድርጋ በመኪና ሰፋችው። ከትርፉ የትራስ ልብስ ወጣ። የመኪናዋ ድምፅ በመስኮት ወጥቶ ሰፈሩን ጠራ፤ እትዬም የጠበባቸውን ቀሚስ ይዘው ከተፍ አሉ።

«ቤቱ ሊሸጥ ነው እያሉ ልብስ ያሰፋሉ?»

«ቤቱ ይሸጥ እንጂ እኔ ራቁቴን ልሂድ?»

አንድ ቀን ከሰዓት ባሏ ጄሶ ፀጉሩ ላይ እንደ ነጣ ገባ። «ዕቃ እንሰር። ሌላ ከተማ ትልቅ ሆቴል ሊጀመር ነው፤ ፎርማኑ እሑድ በጭነት መኪና ሁላችንንም ይወስደናል።»

«መልካም ጉዞ» አለች፣ ቀና ሳትል። «እኔ ያልደረሱ ቀሚሶች አሉብኝ።»

«ትቀልጃለሽ?»

«መስኮቱን እየው።»

ሄደና ጣቱን በመጋረጃው ጠርዝ ላይ አሳለፈ፣ ያልደረቀ ግድግዳ እንደሚዳስስ። ውስውስ የለም። ትርፉን ፈለገ።

«ቆረጥሽው?»

«ቆረጥኩት።»

ብርሃኑ በሁለቱ መካከል ቀስ እያለ ወለሉን ተሻገረ። መርፌዋ ላይ ክር ልታስገባ ሞከረች፤ ክሩ እምቢ አላት። እውነት ጥሏት ቢሄድስ?

«የደረጃው ግድግዳ እየረገፈ ነው» አለ በመጨረሻ። «የሚያስለስን ሰው ካለ እትዬን ጠይቂልኝ። ከሳቸው የተሻለ አዋጅ ነጋሪ የት ይገኛል?»

ሳቋ ከእንባዋ ቀደመ። እሑድ የጭነት መኪናው ያለ እሱ ሄደ።

ክረምቱ ሲወጣ ባሏ የመንደሩን ግማሽ ለስኖ ነበር። ያኔ ነው ፎርማኑ ሱሪ ሊያሳጥር ወደ እሷ የመጣው። ልኩን ስትወስድ፣ ቆሞ ሰማያዊውን መስኮት እያየ፦

«ያ ሆቴል እኮ» አላት፣ «ገና እኛ ከዚህ ሳንነሣ ተሰርዞ ነበር። የነገሩን ከደረስን በኋላ ነው።»