ኪራኮስ በስፓኒሽ የተናገረው

ኪራኮስ አንድ ጠዋት በስደት አገር፣ ራንድል ሰፈር ካለው ቤታቸው ኮክረን ወደምትባለው ከተማ፣ ወደ ሥራው ሊሄድ ጫማውን እያሰረ ሳለ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ስትሮክ ነበር። ሆስፒታል አልጋ ላይ ዓይኑን ሲገልጥ ሚስቱ ፀሐይወርቅ ጎንበስ ብላ፣ «ኪሩዬ፣ እኔ ነኝ» አለችው። አየት አደረጋትና በተኮላተፈ አንደበት አንድ ነገር ተናገረ። አማርኛ አልነበረም። እንግሊዝኛም አልነበረም።

«ስፓኒሽ ነው፣ ማሚ» አለች ልጃቸው ኑሃሚን። «ውሃ እያለ ነው።»

ኪራኮስ ኩባ ነው ያደገው። አባቱ ኦጋዴን ላይ ሲወድቅ፣ ከሌሎች የወታደር ልጆች ጋር በመርከብ ተጭኖ ተላከ፤ ጎረምሳ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ትምህርቱም ጨዋታውም ጠቡም በስፓኒሽ ነበር። ፀሐይወርቅ ይህን ታውቃለች። በትዳር በኖሩበት ዘመን ሁሉ ግን አንዲት ቃል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ስትጠይቀው፣ «እዚያው ትቼው መጣሁ» ይላትና ወሬ ይቀይራል። አሁን ሌላው ቋንቋ ሁሉ ሄዶ የቀረው ስፓኒሹ ብቻ ሆነ። ሐኪሙ፣ የጠፋው ቋንቋ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አሏት።

ኑሃሚንም ብትሆን ስፓኒሹን የተማረችው ከዘፈን ነው። ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትዘፍን፣ አገር ያወቃት አንዲት ዘፋኝ በስፓኒሽ ብቻ የተዘፈነ አልበም አውጥታ ነበር። ኑሃሚን አልበሙን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ይዛዋለች፤ ትርጉሙንም ከኢንተርኔት ለቃቅማለች። ከአባቷ ጋር የምትግባባው በዚያች ነበር። ስልኳ እንዲተረጉም ሞክራለች፤ የተኮላተፈ ንግግሩን አይዝለትም።

አልበሙ ግን የፍቅር ነው። «አትሂድ» አለበት፣ «ናፈቅኸኝ» አለበት፤ «ወደ ጎኔ አዙሩኝ» የሚል የለበትም። አንድ ቀን ኪራኮስ «ፍራሳዳ፣ ፍራሳዳ» እያለ ተጨነቀ። ፀሐይወርቅ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ፍራሽ አለ! በአማርኛ ፍራሽ አለ!» ብላ ነርሷን ጠርታ ፍራሹን ወዲያ ወዲህ አስደረገች። እሱ አይደለም በማለት ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። እንባው በጉንጩ ወረደ። ኑሃሚን ከሥራ ስትመጣ ስልኳ ላይ ፈልጋ፣ ብርድ ልብስ ማለት መሆኑን አገኘች። ሰውዬው ለካ በርዶት ነው የዋለው።

ሊጠይቁት የመጡት እትዬ ሸዋወርቅ ደግሞ ቃሉን ሰምተው፣ «በልሳን እየተናገረ ነው እኮ!» ብለው ጮክ ብለው መጸለይ ጀመሩ።

«እትዬ፣ ኩባ ነው ያደገው» አለቻቸው ፀሐይወርቅ። ራሷም ሳታስበው ሳቀች። ከወደቀ ወዲህ የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማታ ኑሃሚንን፣ «እስቲ እኔም ስልክ ላይ ጫኚልኝ» አለቻት።

«ምኑን?»

«ዘፈኑን ነዋ። አባትሽ ከእኔ ጋር የሚያወራበት የለውም።»

ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ ላይ ለሥራ ስትሄድም ስትመለስም አልበሙን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትሰማለች። ሁሉም ቃል አንድ ላይ ይፈስባታል፤ የዘፋኟ ትንፋሽ እንጂ ሌላው አይገባትም። ብዙ ቀን ሰምታ አንዲት ነገር ጨበጠች፤ «አኪ ኤስቶይ»። እዚህ አለሁ ማለት ነው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄደች። ኑሃሚን የሥራ ሺፍት ላይ ነበረች። ኪራኮስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተኝቷል። ነጠላዋን ሳታወልቅ አጠገቡ ተቀመጠችና እየፈራች፣ «አኪ ኤስቶይ፣ ኪሩዬ» አለችው።

ዞሮ አያት። በደህና እጁ እጇን ያዘ። ከዚያም መናገር ጀመረ፤ በዝግታ፣ ብዙ፣ እንደ ድሮው ሥራ ውሎ መጥቶ ሲያጫውታት። መሃል ላይ ፈገግ አለ። ኋላ ድምፁ ሰበር አለና ቆመ፤ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይን ዓይኗን ያያት ጀመር። እሷ ምንም አልገባትም። ጭንቅላቷን ነቀነቀችለት። «ሲ፣ ሲ» አለች፣ አዎ ለማለት። እሱም ተንፈስ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

በዚያው ሳምንት ሌላ ስትሮክ ደገመውና ሞተ።

ለቀስተኛው ሁሉ ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል፣ ፀሐይወርቅ ልጇን ጠርታ እሑድ ዕለት የሆነውን ነገረቻት። አንዲቱንም ቃል ግን መልሳ ማለት አልቻለችም። «ብሰማው አውቀዋለሁ» አለች። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አልበሙን ከመጀመሪያው ዘፈን አንስተው አዳመጡ። ኑሃሚን በየስንኙ እያቆመች፣ «ይሄ ነው?» ትላታለች። «አይደለም።» «ይሄስ?» «አይደለም።» የመጨረሻው ዘፈን አለቀ።

«የእሱ እዚህ ውስጥ የለም» አለች ፀሐይወርቅ።

ኑሃሚን ለቅሶዋን ለቀቀችው። «አይም ሶ ሶሪ፣ ማሚ። ሺፍት ባልገባ ኖሮ ያለውን ትንሽ እንኳ ተርጉሜ እነግርሽ ነበር።»

«አንቺ ብትኖሪ ላንቺ ነበር የሚያወራው» አለቻት እናቷ ጸጉሯን እየደባበሰች። «ለእኔ ነው የነገረኝ።»

ቀብሩ ላይ ጨክና ይዛው የነበረው እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ ልጇ እስክትደነግጥ ድረስ አለቀሰች።