መሰላሉን ተጫኚ

የውድነሽ ስልክ አራት ሰዓት ላይ መጮኽ ነበረበት፤ አራት ተኩል ሆኖም ጭጭ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው የስደተኞች ቢሮ ቃለ መጠይቅ ነው እንግዲህ። ከልጇ ከመቅዲ ጋር ካናዳ መግባቷም መቅረቷም በዚህ ጥሪ ነው። የደንበኛዋን ሹሩባ ግማሽ ላይ ትታ፣ ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር ያለውን መንገድ በቦዳዎቹ፣ በታክሲ ሞተሮቹ መሃል ተሻግራ፣ ስልክ ሠሪው ኑሃ ዘንድ ከተፍ አለች።

«ኑሃዬ፣ ይሄ ስልክ ሳይሞትብኝ አልቀረም።»

ኑሃ አገላብጦ አየው። ኔትወርኩ ሙሉ ነው። «እትዬ ውድነሽ፣ ሰሞኑን የነካካሽው ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም! ብቻ ትናንት የቢሮው አስተርጓሚ ነኝ ያለ ሰው ደወለና መስመርሽ እንዳይቋረጥ ይመዝገብ አለኝ። ኮከብ፣ ቁጥር፣ ኮከብ፣ ረጅም ስልክ ቁጥር፤ በመጨረሻ መሰላሉን ተጫኚ አለኝ፣ ተጫንኩ።»

እስቲ ማን ይፈርድባታል? ያቺን ሁለት ቋሚ ሁለት አግዳሚ ምልክት ካምፓላ ሃሽ ይላታል፣ የቢሮው መልስ ሰጪ ማሽን ደግሞ ፓውንድ። መሰላል የሚላት ያገር ልጅ ብቻ ነው። ሰውዬው «መሰላል» ሲል ልቧ ቅቤ ጠጣ፤ የወንድሟን ድምፅ የሰማች ያህል አመነችው። ሌባ ደግሞ በየት በኩል እንደሚገባ ያውቃል፣ አፈር ያስበላውና!

የኑሃ ፊት ተለዋወጠ። «ጥሪሽን ወደ ሰው ስልክ አዙረሽዋል። መሰላሉ እኮ ትእዛዝ ማጽደቂያው ነው። እሱን እስክትነኪ ድረስ ምንም አልነበረም።»

በራሱ ስልክ ወደ እሷ ደወለ። የእሷ ስልክ መዳፏ ላይ ዝም ብሎ ተኝቷል፤ የኑሃ ስልክ ግን መስመሩ ተይዟል አለ።

«ከማን ጋር? ኑሃ፣ በስሜ እያወሩ ነው!»

ስልኩን ከእጇ ወሰደ። ሁለቴ መሰላል፣ ቁጥር፣ እንደገና መሰላል ነካ፤ ማዞሪያው ተሰረዘ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ።

«ወይዘሮ ውድነሽ፣ ይቅርታ፣ መስመሩ ተቋርጦብን ነው» አለች አንዲት አስተርጓሚ። «ስለ ልጅዎ አሟሟት እየነገሩን ነበር። ኃላፊዋ በጣም አዝነዋል፤ ጉዳይዎን ለማስቀደም የቀረን ይሄ ብቻ ነው። ይቀጥሉ።»

በተዞረው መስመር ውድነሽ ነኝ ብላ ያወራችው ሴት የምታቀርበው ልጅ ስለሌላት፣ የውድነሽን ልጅ በወሬ ገድላ ቁጭ!

ኑሃ ጆሮውን ስልኩ ላይ ደቅኖ ሰምቷል። «አዎ በይ» አላት በሹክሹክታ። «ቃል ከተጣረሰ ፋይልሽ ይዘጋል። አንድ ቀን ብቻ አዎ በይና ኋላ ይስተካከላል።»

ሦስት ዓመት! ውድነሽ አዎ ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን በሰላም ወጥታ ትምህርት ቤት በተቀመጠች ልጅ ላይ እናት እንዴት ታሟርታለች?

«በአፌ አልገድላትም!» ብላ ጮኸች። «መቅዲዬ ደህና ናት፣ ትምህርት ቤት ናት። ያነጋገራችኋት ሴት እኔ አይደለሁም። ውድነሽ እኔ ነኝ!»

አስተርጓሚዋ ቃሏን በእንግሊዝኛ ስታስተላልፍ ተሰማ። ከዚያ ኪቦርድ ተንኳኳ።

«ወይዘሮ» አለች አስተርጓሚዋ በመጨረሻ፣ ድምጿ ቀዝቅዞ፣ «እሷም ውድነሽ ነኝ ነው ያለችን። ከሁለታችሁ የትኛዋን እንመን?»